ሙጫ ይዤ ወደ አምባሰል

ወሎ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ዘፈኑና ስለ ቆንጆዎቹ ነው። እኔ ግን የሄድኩት ሙጫ ይዤ ነው። አዎ፣ ሙጫ! የጫማ ሙጫ እንዳይመስላችሁ፤ ብረትን ከብረት የሚያጣብቅ፣ የሞተር ሙቀት የማይበግረው፣ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጠነክርም የሚል ኩሩ ሙጫ ነው። ስለዚህ እዚያ አገር ለማትሄዱት የማወራችሁ ስለ ሐይቁ ስፋት አይደለም፤ ይህ ሙጫ ስላሳየኝ ፍዳና ስላገናኘኝ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ፣ የምሠራበት ወርክሾፕ በር ላይ ነው። ጥበቃችን ጋሽ ሰይድ የአምባሰል ሰው ናቸው። አንድ ቀን የተሰነጠቀ የብረት ቱቦ በሙጫ ስናያይዝ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ሰብለ፣ ይሄ ነገር የእህቴን ወፍጮ አያድንም?» አሉኝ። እህታቸው እመት ዘሀራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት በአንዲት አሮጌ የናፍታ ወፍጮ ነው። የሞተሩ ጎን፣ ውኃ የሚዞርበት በኩል፣ ተሰንጥቋል። ብረቱ ቀልጦ የተቀዳ፣ መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ነው፤ ሲበየድ ይብስበታል። አንዴ ተበይዶ ስንጥቁ ጭራሽ ረዝሟል። መለዋወጫውም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አሮጌ ብረት የሚሰበስብ ነጋዴ ከውጫሌ እየተመላለሰ «ይሽጡልኝ» ሲላቸው፣ እመት ዘሀራ እስከሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ጠብቀኝ ብለውታል።

እሺ አልኩ። እኔ ሰው ሲለምነኝ ቶሎ እሺ ብዬ መንገድ ላይ የምነጫነጭ ሴት ነኝ።

እሑድ

ሙጫው እንደ ላስቲክ ቅጠል ስስ ሆኖ የተጠቀለለ ነው፤ ከሞቀ ስለሚበላሽ እስኪሠራበት ድረስ ከበረዶ መውጣት የለበትም። የቀረን አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር። በበረዶ ሳጥን አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሳጥኑን አይተው «የሕፃናት ክትባት ነው?» ሲሉኝ «አይ፣ ሙጫ ነው» አልኳቸው። እንደ መቀየም አሉና እስከ ደብረ ሲና አላናገሩኝም። የቀለድኩባቸው መስሏቸው ነው።

እዚያው ኬላ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቦርሳዬን የከፈተው ፈታሽ ያገኘው የተጠቀለለ ሽቦ፣ ትንሽ ትራንስፎርመርና የሙቀት መለኪያ ነው። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተ፤ በበረዶ መካከል የተጋደመ ጥቅል። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ፣ ይህን ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚባል አስቡት! ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እኔን ያየኛል። እንደ ተማሪ ቆሜ ስለ ሙጫ አስረዳሁ፤ ወፍጮ እንደሚጠገንበት ስነግረው ፈታሹ ፊቱ ፈታ አለ። «የእናቴም አገር ወፍጮ ቆሟል» ብሎ ሳጥኑን ራሱ ዘጋልኝ። ያኮረፉኝ እናት ያኔ ታረቁኝ፤ ከቆሏቸው ሽንብራም ዘገኑልኝ።

ደሴ ስንገባ መሽቶ ነበር። የደሴ ብርድ የአዲስ አበባን ብርድ ያስመሰግናል። የእንግዳ ማረፊያው ልጅ ሙጫዬን ከነሳጥኑ ከቢራዎቹ አጠገብ ፍሪጅ ውስጥ አስገባልኝና ተኛሁ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሯል፤ ማንም አልነገረኝም።

ሰኞ

ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት በረዶው ውኃ ሆኗል፤ ውኃው ገና ቀዝቃዛ ቢሆንም ብዙ አይቆይም። እንዴት እንደ ጮህኩ አትጠይቁኝ። ልጁ «እህት፣ ቢራውም እኮ ሞቋል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ሚኒባስ ይዤ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ዓሣ ያለበት በረዶ አይጠፋም ብዬ ነው።

አልተሳሳትኩም። ጀማል የሚባል ዓሣ ነጋዴ ሐይቁ ዳር ቆሮሶ በትልቅ ሳጥን ደርድሮ አገኘሁት። የመጣሁበትን ስነግረው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ሙጫውን በላስቲክ ጠቅልሎ በዓሣዎቹ መካከል ቀበረው፤ እሱ እስኪቀዘቅዝ ብሎ የተጠበሰ ቆሮሶ አስቀረበልኝ። አዲስ አበባ ጎረቤቴን በረዶ ብለምናት ፍሪጄ ተበላሽቷል ትለኛለች፤ እዚህ የማላውቀው ሰው ዓሣውን ከሳጥን አውጥቶ ለእኔ ሙጫ ቦታ ለቀቀ።

«ልክፈልህ» ስለው ተቆጣ። «ለወፍጮ ነው አላልሽም? ወፍጮ የሁሉ ነው። ብቻ ወላሂ ካልጠነከረ ስሜን እንዳታነሺ!» አለኝ። ሳጥኔን በአዲስ በረዶ ሞልቶ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከመልኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔም፣ ቦርሳዬም፣ ሙጫዬም ዓሣ ዓሣ ስንሸት ሰነበትን።

ከውጫሌ በባጃጅ፣ ባጃጁ እንቢ ባለበት በእግር፣ ትራንስፎርመሩ በአህያ ሆኖ የእመት ዘሀራ መንደር ደረስን። እመት ዘሀራ ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። «አፊያ ነሽ ልጄ? መንገዱ አንገላታሽ?» ብለው ሁለት እጄን ያዙ። ወፍጮ ቤቱ ከቤታቸው ጎን ነው፤ የለበሰው ዱቄት ደርቆ፣ ከቆመ መሰንበቱ ያስታውቃል።

መብራት እዚያ መንደር አይደርስም። ጄኔሬተር ያገኙት ከቅሬው ነው። ቅሬ ማለት እኛ ዕድር የምንለው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ የሚቀባበሩበት። የቅሬው ዳኛ አቶ እንድሪስ ጄኔሬተሩን በሁለት ጎረምሶች አሸክመው መጡና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ፣ ይሄም፣ የሐዘን ዕቃ ነው። ዘሀራ ሰው ስለሆነች ነው ያዋስናት። ሞት ከመጣ ይነሣል።»

«ኧረ ሞቱን ይያዘው!» አልኩ።

ማምሻውን ደግሞ ዶሮ ተያዘ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እመት ዘሀራ ቤት የሚታረደውን አልበላም፣ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። እኔ ግን ሽሮ ይበቃኛል ብዬ ሳልጨርስ ዶሮዋ ወደ ጎረቤት ተላከች። ጎረቤቱ አያ ይመር ይባላሉ። ስማቸውን ስሰማ እስላም መስለውኝ ነበር፤ ወሎ ላይ በስም ሃይማኖት መገመት ሞኝነት ነው። አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ያላለቀ ሽማግሌ ናቸው። ዶሮዋን ባርከው አርደው፣ ልጃቸው እታገኝ በነሱ ድስት ወጡን ሠርታ ይዘው መጡ። የዘሀራ ቤት እንግዳ ክርስቲያን ከሆነ አራጁ እሳቸው፣ የእሳቸው ቤት እንግዳ እስላም ከሆነ ደግሞ ቢላዋው ከዚህ ቤት ይሄዳል። ይህ እንዲህ ሲኖር ስንት ዘመኑ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም።

አያ ይመር ሙጫውን አገላብጠው አሸተቱት። «ዓሣ ነው እንዴ?» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንዴት እንደሚሠራ ስነግራቸው ግን በጥሞና ሰሙ። ስንጥቁ ላይ ሙጫው ይለጠፋል፤ በመሃሉ ከቀጭን ሽቦ የተሸመነ መረብ አለ፤ ኤሌክትሪኩ በመረቡ ሲያልፍ መረቡ ይግላል፤ ሙጫው መጀመሪያ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ከውስጥ በስሎ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ እሳት አይፈራም።

«ሞተሩን በሙሉ ማጋል ሳያስፈልግ?»

«ስፌቱን ብቻ።»

«እሱን ሳላይማ አልሞትም! ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ሳልመጣ እንዳትጀምሪ» አሉ።

ማክሰኞ

ጠበቅኋቸው። ስንጥቁን ሞርጄ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳሁ፤ ዘይቱን በአሴቶን አጠብኩ፤ ሙጫውን ከነመረቡ አኑሬ፣ የብረት ልጣፍ ደርቤ በሞርሳዎች ጠረቅኩት። አያ ይመር አልመጡም። አርጅተዋል፣ እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል ብለን ጄኔሬተሩን አስነሣን። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሙጫው በልጣፉ ጠርዝ እንደ ማር ብቅ አለ። የእኔ ልብ በዚች ሰዓት ነው ሐሴት የምታደርገው።

ያን ጊዜ ከጉብታው ላይ የቅሬው ጠሪ ድምፅ ተሰማ። የሚለው ለእኔ አልገባኝም፤ እመት ዘሀራ ግን የያዙትን ጣሳ ጣሉ።

«ይመር» አሉ። «ይመር ሞተ።»

ሌሊት በተኙበት ነው ያረፉት። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ማታ የበላሁት ወጥ ገና ከሆዴ አልጠፋም። እመት ዘሀራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ጄኔሬተሩ ሲሄዱ ነው የነቃሁት።

«እመት፣ እንዳያጠፉት! አሁን ቀልጧል። ሳይበስል ከቀዘቀዘ ውስጡ ክፍተት ይሠራል። ሌላ ሙጫ የለኝም!»

«ሬሳ አፈር እስኪቀምስ በቅሬያችን ሞፈር አይነካም፣ ሞተር አይጮህም።»

«እስከ ቀትር ብቻ ይታገሡኝ። ሩቅ ነው፣ እዚያ ቤት አይሰማም።»

«እኔ እሰማዋለሁ» አሉና አጠፉት።

ጸጥ አለ። ተናደድኩ፤ ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ፍተሻውን፣ ዓሣውን፣ ሁሉንም አስቤ፤ «ይበሉ እንግዲህ ለብረት ነጋዴው ይደውሉ!» አልኳቸው።

አልተቆጡም። «እደውላለሁ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ይመርን እንቅበር።»

ሞርሳዎቹን እንደ ጠረቁ ተውኳቸው። ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ እመት ዘሀራ ከቤት ሁለት ብርድ ልብስ አመጡና ሞተሩን አብረን እንደ በሽተኛ ሸፈንነው። ከዚያ ተከትያቸው ሄድኩ።

እኔ አዲስ አበባ ቀብር የምሄደው ሰዓት አይቼ ነው፤ ፊቴን አሳይቼ፣ ስልኬን አየት አድርጌ፣ ከሰው ቀድሜ የምወጣ። እዚህ አገሩ በሙሉ ነው የወጣው። ቃሬዛውን እየተቀባበሉ የተሸከሙት ጥምጣም ያሰሩትም መስቀል ያጠለቁትም ናቸው። መቃብሩን የቆፈሩት አቶ እንድሪስና ሰዎቻቸው ናቸው፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ሲጀምሩ ከአጥሩ ወጣ ብለው ቆሙ። አንድ ማታ ብቻ ለማውቃቸው ሰው እንደዚያ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር። አለቀስኩ። እንዲያውም እኔን አንዲት ሴት «የአዲስ አበባዋ ዘመዳቸው ናት?» ስትል ሰማሁ፤ አላስተባበልኩም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ተተከለ፤ ጎረምሶቹም ጄኔሬተሩን ከወፍጮ ቤቱ አምጥተው ድንኳኑ ጥግ አስቀመጡት። እመት ዘሀራ እታገኝን ደግፈው ተቀምጠዋል። እታገኝ ልቅሶው ሲበርድላት ቀና ብላ «ሙጫው እንዴት ሆነ? አባባ ማታውን ሙሉ የሚያወራው እሱን ነበር» አለች።

እመት ዘሀራ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የእኔ አፍ ግን መች ዝም ያውቅና፤ «ሳይበስል አጠፉት» አልኩ።

እታገኝ ወደ እመት ዘሀራ ዞረች። ብዙ አየቻቸው። ከዚያ የቅሬውን ዳኛ ጠራቻቸው።

«አቶ እንድሪስ፣ ይሄን ጄኔሬተር ወደ ወፍጮው መልሱልኝ።»

«እታገኝ፣ ሕግ አለን እኮ። ድንኳኑስ በምን ይበራል?»

«በፋኖስ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በፋኖስ ነው ያመሸው። ቀብረነዋል፤ አሁን ምን እንዳይሰማ ነው?»

አቶ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ ሽማግሌዎቹን አዩ። «ሕጉ ለሐዘንተኛ ክብር የወጣ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሐዘንተኛዋ ራሷ ካለች እኛ ምን ቤት ነን? አንሡት!»

እመት ዘሀራ እንቢ ብለው ሊነሡ ሲሉ እታገኝ ነጠላቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

ብርድ ልብሱን ስገልጥ ብረቱ ለብ ያለ ነበር። ተቆራርጦ የበሰለ ሙጫ እንዲህ ይሆናል የሚል ነገር አላውቅም፤ ሙያችን የሚያዘው ፍቆ እንደገና መለጠፍ ነው፤ የሚለጠፍ ግን የለም። ሞርሳዎቹን ትንሽ ጨምሬ አጠበቅሁና ኤሌክትሪኩን በጣም በቀስታ ለቀቅሁት። ጀንበር ስትጠልቅ ሥራዬ አለቀ። በላይ በኩል ድንኳኑ በፋኖስ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከውጭ ሲያዩት ስፌቱ ሸጋ ነው። ውስጡን ግን ሞተሩ ካልዞረ ማንም አያውቀውም፤ እመት ዘሀራ ደግሞ ሠልስት ሳያልፍ ሞተሩ አይዞርም ብለዋል።

ረቡዕ

ሥራ የለ፣ ጨዋታ የለ። ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ ፈቃድ ጠየቅሁና ወደ ሐይቅ ወረድኩ፤ የጀማልን ውለታ ላመሰግን። ገና ከሩቅ «ሙጫችን ጠነከረ?» ብሎ ጮኸ። የኛ ሆነ እንግዲህ! የሆነውን ስነግረው ሥራውን አቁሞ ሰማኝ። አያ ይመርን አያውቃቸውም፤ ግን መዳፉን ገልጦ ዱዓ አደረገላቸው። ሐይቁ ያን ቀን ዝም ብሎ ነበር፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ሆቴል ከበባቸውና ለማየትም ቡና ማዘዝ ግድ ነው፤ ይሄኛው ዳር ግን የበቆሎ ማሳ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጥበታል። እኔም ተቀመጥኩ። ለእመት ዘሀራ የተናገርኩት ክፉ ቃል ትዝ እያለኝ ነበር።

ሐሙስ

በሠልስቱ ቀን የብረት ነጋዴው መጣ። ወፍራም፣ ላብ የማያቆም፣ የጭነት አይሱዙውን ከመንደሩ ግርጌ ያቆመ ሰው ነው። እኔ ሊጣላ መጣ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ድንኳን ገባ፤ አለቀሰ፤ ንፍሮ ተቀበለ። ሲወጣ ነው እመት ዘሀራን ገለል አድርጎ በቀስታ ያናገራቸው።

«እመት፣ ቀጠሯችን ደረሰ።»

«አውቃለሁ። ነገ ጠዋት ና። ውኃውን ከያዘ ያዘ፤ ካፈሰሰ ጫነው» አሉት።

ያን ማታ ከእሳቸው ጋር አንድ ትሪ ላይ ዳቦ ስንበላ «ስለዚያ ቀን ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ገረማቸው። «አንቺ ለሙጫሽ ነው የጮኽሽ፤ ለሙጫሽ ባትጮኺ ምን ባለሙያ ትባያለሽ?» አሉና ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ። ከዚያ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። «ከሄደ ግን ምን እንደምሆን አላውቅም» አሉ። «ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት እሱ ነው።» ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያኔ ነው፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ

ነጋዴው ከነአይሱዙው ማልዶ መጣ። ሞርሳዎቹን ፈታሁ፤ ውኃ ሞላን፤ አልፈሰሰም። ቀዝቃዛ ውኃ መያዝ ግን ቁም ነገር አይደለም፤ ፈተናው ሲግልና ሲንቀጠቀጥ ነው። «ያስነሡት» አልኳቸው እመት ዘሀራን።

የሞተሩን ማስነሻ እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ ያዙ፣ ተዉት። እንደገና ያዙ። «ገና አፈሩ አልደረቀም» አሉ። «እዚያ ቤት ይሰማል ልጄ። ምን ይሉኛል?»

ነጋዴው አቀረቀረ። እኔም ላስገድዳቸው አፌ አልታዘዘኝም፤ በዚያን ቀን የተናገርኩት ይበቃል።

ያን ጊዜ ዳገቱን የሚወጡ ሴቶች ታዩ። ከፊት ጥቁር የለበሰችው እታገኝ ናት። አህያ እያላት የእህል ጆንያዋን በጀርባዋ ነው ያዘለችው። በሩ ላይ አወረደችና ተነፈሰች።

«የልቅሶ ቤቱ ዱቄት አልቋል» አለች። «ውጫሌ ድረስ ልሂድ?»

«እታገኝ፣ ድምፁ...»

«እመት፣ ወፍጮው ሳይሰበር አባቴ ጠዋት ይሄን ሳይሰማ ከቤት አይወጣም ነበር። እሱ ሲሄድ ይሄም ዝም እንዳለ ሲቀር እሱ ብቻ ሳይሆን አገሩ የሞተ መሰለኝ። ያስነሡት፤ እኔም ልስማው።»

እመት ዘሀራ ሁለቴ ሞክረው ማኖቬላውን ማዞር አቃታቸው። ነጋዴው «ይስጡኝ» ብሎ ኮቱን አወለቀ። ያ ብረቱን ሊጭን የመጣ ሰው ደም ሥሩ እስኪወጣ አዞረው። ሞተሩ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሊጠፋ አለና ቱግ ቱግ ብሎ ያዘ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ።

ተንበርክኬ ጣቴን ስፌቱ ላይ አኖርኩ። ብረቱ ሞቀ፣ ጋለ፣ ጣቴን መለብለብ ጀመረ፤ እየቀያየርኩ ዳሰስኩት። ቀና ስል እታገኝ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። እመት ዘሀራ እሷን ሲያዩ ያን ሁሉ ቀን የቻሉት አልቻል አላቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ምርር ብለው አለቀሱ። ሐዘንተኛዋ ሄዳ አቀፈቻቸው፤ «በቃ እመት፣ በቃ» እያለች ዕንባቸውን በራሷ ነጠላ ጠረገችላቸው።

«አፈሰሰ?» ብሎ ነጋዴው ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኸብኝ።

ጣቴን አንሥቼ አሳየሁት። ደረቅ ነበር።

ነጋዴው ጣቴን አየ፤ ሁለቱን ሴቶች አየ። ከዚያ የእታገኝን ጆንያ ትከሻው ላይ አወጣና ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጠው።